ዳማ ሲጫወት ቃጭሉ በማን እጅ ነበር

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርሁትም። ዓመት በዓመት ፊታቸው ተንበርክኬ፣ ሰው አማሁ፣ ጾም ገደፍሁ፣ ጎረቤት ረገምሁ እያልሁ ትንንሹን ስለቅም ኖሬአለሁ፤ ይህን ግን ዘልዬው አልፋለሁ። እሳቸው «ሌላስ?» ይሉኛል፤ እኔም «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። የለም! ድፍረቴን አያችሁልኝ? ከነፍስ አባቴ የደበቅሁትን ለማላውቃችሁ ለእናንተ የምዘከዝከው ለምን እንደሆነ እኔም በደንብ አልገባኝም። ምናልባት እናንተ ስለማታውቁኝ «አይዞሽ፣ እግዜር መሐሪ ነው» ብላችሁ አፌን አትዘጉብኝም ብዬ ይሆናል። አይዞሽ መባል አልፈልግም።

እኔ የአንድ ሰው ስም ገድያለሁ። ሰውየው ሞተዋል፤ እሱስ የሁላችንም ዕጣ ነው። ስማቸውን የገደልሁት ግን እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬም አላነሣሁትም።

የኔታ ወልደ ጻድቅ ይባሉ ነበር። ከአንኮበር ወደ ጣርማ በር በሚወስደው ጋራ ላይ፣ በእኛ ደብር ድጓ ያስተምሩ ነበር፤ ሁለት ዓይናቸው ገና በልጅነታቸው በፈንጣጣ ጠፍቷል። ጣሊያን ሲገባ ተማሪው ሁሉ ተበተነ። ግማሹ ዱር ገባ፣ ግማሹ ወደ እናቱ ቤት ሮጠ። የኔታን ዱላ ይዞ የሚመራቸው አንድ ሰው ጠፋ። እሳቸው ደግሞ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። አንድ ዳማ መልክ ያለው ቡችላ ከገበሬ ለምነው አሳደጉና ስሙንም ዳማ ብለው መንገድ አስተማሩት። እንዴት እንዳስተማሩት አትጠይቁኝ፤ እኔ ያየሁት ሲጨርሱ ነው። ዳማ ጉድባ ሲደርስ ይቆማል፣ ድንጋይ ሲያጋጥም ይዞራል፣ ገደል አፋፍ ሲጠጋ እግራቸው ሥር ይተኛና አላንቀሳቅስም ይላል። አገሩ ሳቀ። «ሊቁን ውሻ ይመራቸው ጀመር!» ተባለ። የኔታ ሰሙና «ምን ይገርማችኋል? እናንተን ባንዳ እየመራችሁ አይደለም እንዴ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ፊት ለፊታቸው የሳቀ የለም።

ዳማ አንገቱ ላይ የቆዳ ጠፍር ነበረው፤ ጠፍሩ ላይ ገመድና አንድ የናስ ቃጭል። ነገሬ ሁሉ ያለው እዚህ ቃጭል ላይ ነውና ልብ በሉልኝ። ቃጭሉ ሲያቃጭል ዳማ ሥራ ላይ ነው። ጥንቸል በአፍንጫው ሥር ብታልፍ ዞር ብሎ አያይም። ጠፍሩ ሲወልቅ ግን ያ ሽማግሌ የሚመስል ውሻ ቡችላ ይሆናል። የኔታ ይህን አጥብቀው ይፈልጉት ነበር። «ጠፍሩ አንገቱ ላይ ሳለ ዓይኔ ነው፤ ሲወልቅ ውሻ ነው። ውሻነቱን አትንሺው ልጄ፤ ሳይጫወት የሚውል ውሻ አንድ ቀን ገደል ይከተኛል» ይሉኝ ነበር።

እኔን የሚሉኝ ለምን መሰላችሁ? ውሻ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር አይገባም። እኔም አልገባም ነበር። አንዲት ልጅ ወልጄ ሁለተኛው ፅንስ ከወረደብኝ ጀምሮ ደሜ አልቆም ብሎ ነበር። ጠበል ተጠመቅሁ፣ ሥር ጠጣሁ፣ ወይ ፍንክች! ደም የሚፈሳት ሴት ደጁን አታልፍም፤ ይህን ታውቃላችሁ። ባሌም በዚሁ ሰበብ ከነልጄ ጥሎኝ ሄደ። እሑድ በመጣ ቁጥር ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ሲገባ እኔ ከግንቡ ውጭ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን የኔታ ገመዱን ዘረጉልኝና «እንግዲህ ሁለታችሁ ደጅ የቀራችሁ ናችሁ፤ ተጠባበቁ» አሉኝ። ሌላ ሰው ቢለኝ ኖሮ እንባዬ ይመጣ ነበር። እሳቸው ሲሉት ግን ሳቅሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ መሳቄ ነበር።

ከቅጽሩ ግርጌ በድንጋይ ካብ የተከበበች ጨፌ አለች። ዳማን የማጫውተው እዚያ ነው። የኔታ ሥርዓቱን አስጠንተውኛል፤ እንደ ዳዊት ነው ያስጠኑኝ። መጀመሪያ ጨፌዋን ዞረሽ እዪ፤ ግልገል ካለ እረኛው በድንጋይ ይለዋል። መግቢያውን በእሾህ ዝጊ። ጠፍሩን ከካቡ ውስጥ ሳትገቢ አታውልቂ፤ የጣሊያን አስካሪዎች፣ ቅጥር ወታደሮቹ፣ ልቅ ውሻ ካዩ ይተኩሳሉና። ስታወልቂ የቃጭሉን ምላስ በጨርቅ ጠቅልይው፤ እሱን ከሰማ ሥራ የተጠራ ይመስለዋል፣ ጨዋታው ይቀርበታል። ቅዳሴ ሲወጣ ጨርቁን ፍቺና አንድ ጊዜ አቃጭይ፤ የትም ቢሆን ይመጣል። እውነታቸውን ነው፣ ይመጣ ነበር። ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ምላሱን ጥሎ ይመጣና አንገቱን ያቀርብልኛል። ሲሮጥ ማየት እንዴት ደስ ይል ነበር! ካቡን ተከትሎ ይሽከረከራል፣ ውኃው ውስጥ ይንቦጫረቃል፣ እኔን ከኋላ መጥቶ በአፍንጫው ይገፋኛል። እኔም ደጅ መቅረቴን እረሳለሁ።

በመጨረሻም «ቃጭሉን ከእጅሽ አታውጪ» አሉኝ። ለምን እንደሆነም ነገሩኝ፤ ምነው ባልነገሩኝ! ከጋራው ጀርባ አርበኞች ነበሩ። ወደ እነሱ የሚያሳልፈው አንድ ጠባብ በር ነው፤ ግራና ቀኙ ገደል። የኔታ በየጊዜው ይወጡላቸው ነበር። ከገበያ የሰሙትን ወሬ፣ አንዳንዴም ከሚደርቡት ባና ሥር ጥይት ይዘው። ማን ዕውር ይፈትሻል? የእኛ አገር ጉም ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የዘረጋኸውን እጅህን አያሳይህም። በጉም ቀን ዘቡ የመጣው ላይ ይተኩሳል። የዳማን ቃጭል ሲሰማ ግን ጠመንጃውን ያወርዳል። ይህን የሚያውቅ ከጥቂት ሰው በቀር አልነበረም። እኔን አመኑኝና ነገሩኝ። እኔስ ለማን ነገርሁ? ለወንድሜ!

ወንድሜ ተሰማ ታላቄ ነው። ዱር ገባሁ ብሎ ከቤት ከወጣ ቆይቷል። አልፎ አልፎ ብቅ ሲል አበላዋለሁ፣ ልብሱን አጥብለታለሁ፣ የሆዴንም አጫውተዋለሁ። አባትም እናትም የሉን፤ ከወላጆቼ ቤት የቀረኝ እሱ ነው። የቃጭሉን ነገር የነገርሁት በጨዋታ ነው። ጉራ ነበር መሰለኝ፤ ደጅ የቀረችው እህትህ እንዲህ ያለ ምስጢር ይነገራታል ለማለት።

የጽጌ እሑድ ነበር። የኔታ ማሕሌት ቆመው አድረው ቅዳሴ ገብተዋል። ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ጨፌዋን ሞልቷታል፤ ዳማን የማውቀው በእግሩ ኮቴና በውኃው ድምፅ ብቻ ነው። ጠፍሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ የቃጭሉን ምላስ ጠቅልዬ ተቀምጫለሁ። ተሰማ ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«እህት ዓለም፣ ቃጭሉን አውሺኝ። ቅዳሴ ሳይወጣ እመልስልሻለሁ።»

«ምን ሊያደርግልህ ወንድም ጋሼ?»

«ለልጆቹ ስንቅ ይዣለሁ። ዘቡ ተቀይሯል፣ ድምፄን አያውቅም። በዚህ ጉም ሳይጠይቅ ይደፋኛል።»

«የኔታ ከእጅሽ አይውጣ ብለውኛል።»

ተቀመጠ። እጄን ያዘኝ። «ደብረ ብርሃን ካለው የጣሊያን ሐኪም ጋር ተነጋግሬልሻለሁ» አለኝ። «በመርፌ ያቆመዋል። ለፋሲካ እንደ ሰው ገብተሽ ታስቀድሻለሽ።»

እዚህ ላይ ቁሙልኝ። ዱር ያለ ሰው ከጣሊያን ሐኪም ጋር የት ተገናኘ? ይህ ጥያቄ መጣልኝ። ያን ጊዜውኑ መጣልኝ እንጂ ኋላ የገባኝ ነገር አይደለም። ጫማውንም አይቻለሁ፤ አዲስ ነበር። እንዲያው አታለለኝ፣ ሴት ነኝ፣ ምን አውቄ እያልሁ ራሴን ሳባብል ኖሬአለሁ። ውሸት ነው! ጥያቄውን አየሁት፣ አየኝም፣ ዋጥሁት። ገብተሽ ታስቀድሻለሽ አለኛ። ከዚያ በኋላ ጆሮዬ ሌላ ነገር አልሰማም። ቃጭሉን ከነጠፍሩ ሰጠሁት። እኔ ሰጠሁት። በዚህ እጄ።

ወደ ጉሙ ገባ። ከጀርባው ሌላ ኮቴም የሰማሁ መሰለኝ። ተነሥቼ መጮህ እችል ነበር። ቅጽሩ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ይሰማኝ ነበር። አልጮህሁም። ዳማ ይሮጣል፣ እኔ ተቀምጫለሁ፣ ውስጥ ይቀደሳል።

ከዚያ ከላይ፣ ከበሩ በኩል፣ ቃጭሉ ሲያቃጭል ሰማሁ። ዳማም ሰማ። ውኃው ውስጥ የሚንቦጫረቀው ድምፅ ቀጥ አለ። ከጉሙ ወጥቶ እፊቴ ቆመና ጆሮውን አቁሞ አየኝ፤ አንገቱን አቀረበልኝ። ጠፍር የለም። ቃጭሉ ደግሞ አቃጨለ። ሥራ የተጠራ መሰለው፣ ምስኪን! ካቡን ዘሎ ሄደ። ዳማ! ዳማ! እያልሁ ተጣራሁ፤ በስሙ ተጠርቶ መመለስ አልተማረም፣ የሚመለሰው በቃጭሉ ነው። ቃጭሉ ደግሞ እዚያ ነው። ሮጬ ካቡ ጋ ሳልደርስ ተኩሱ ተነሣ።

ከአርበኞቹ ብዙ ልጆች አለቁ። አስካሪዎቹ ቃጭሉን እያቃጨሉ ነው የገቡት። ዘቡ ጠመንጃውን አውርዶ «የኔታ፣ እንደምን አደሩ» እንዳለ መቱት ይባላል፤ ከሞት የተረፉት የተናገሩት ነው። ቃጭሉ እዚያው ወድቆ ተገኘ። ዳማም ከአጠገቡ፣ በጥይት ተመትቶ። እንግዲህ ቃጭሉም ውሻውም የማን ናቸው? አገር የሚያውቀው ነገር ነው።

የኔታ ከቅዳሴ ሲወጡ ግንቡን በእጃቸው እየዳሰሱ ወደ እኔ መጡ። «ዳማስ?» አሉኝ። «ጠፍሩን በጥሶ ሄደ የኔታ» አልሁ። እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ የተበጠሰውን ጠፍር እንድሰጣቸው። የምሰጠው ነገር የለኝም። እጃቸው እንደተዘረጋ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብለው መለሱትና ባናቸው ውስጥ ከተቱት።

የተረፉት አርበኞች መጥተው ሰዉን ደጀ ሰላም ሰበሰቡ። እኔም ከሰው ኋላ ከደጅ ሆኜ እሰማለሁ። አለቃቸው ቃጭሉን አቃጨለው።

«ይህ የእርስዎ ነው የኔታ?»

«የኔ ነው።»

«ያን ዕለት በማን እጅ ነበር?»

የኔታ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩት። ወደ እኔ ነው፣ አውቃለሁ፤ ዓይን ባይኖራቸውም የት እንደምቆም ያውቃሉ። እኔ ነኝ ብል እንደሚገድሉኝ አውቃለሁ። እሳቸውም ያውቃሉ።

«በኔ እጅ» አሉ።

«ለማን ሰጡት?»

«እኔ ምን አይቼ ልንገርህ ልጄ» አሉ። ሰው ተንጫጫ። ቀለደብን ተባለ። ልጁ የሞተባት አንዲት እናት አፈር ዘግና ፊታቸው ላይ በተነችባቸው። እኔ ዝም አልሁ። አፈሩን ከጢማቸው ሲያራግፉ እያየሁ ዝም አልሁ። አርበኞቹ ዕውር ሽማግሌ አንገድልም ብለው ከደብሩ እንዲባረሩ ፈረዱ። በማግሥቱ ዱላ ይዘው ብቻቸውን ቁልቁለቱን ወረዱ። የሚመራቸው ሰው የለም፣ ውሻም የለም። እኔ ደግሞ ሁለት ጤነኛ እግርና ሁለት ጤነኛ ዓይን አለኝ። እጃቸውን ይዤ ብሄድ ሰው ይጠረጥረኛል አልሁና ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ዓልዩ አምባ ደርሰው ኖሯል። አንድ እስላም የጨው ነጋዴ ከቤቱ ጥግ ቦታ ሰጥቶ አስጠግቷቸዋል። በኋላ ገበያ ወርጄ አየኋቸው። የነጋዴው ሚስት ውኃ እየሰጠቻቸው ነበር። «የእናንተ ሰዎች ናቸው አሉ ያባረሯቸው» አለችኝ። «አላህ ያውቃል፤ እኛስ ክፉ አላየንባቸውም።» ለሷ መንገር አያቅተኝም ነበር። ተጠጋሁና «እንደምን ነዎት የኔታ» አልሁ። በድምፄ አወቁኝ።

«ልጄ፣ መጣሽ?» አሉኝ። ቀጥለውም «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ዕለት፣ ከመሄዱ በፊት፣ ሮጦ ነበር?»

«ሮጦ ነበር የኔታ።»

«ጠግቦ ተጫወተ?»

«ጠግቦ ተጫወተ።»

«ተመስገን» አሉ። ከዚያ «ደሙስ ቆመልሽ?» አሉኝ።

በምን ዋጋ እንደሸጥኋቸው አውቀው ነው የጠየቁኝ? ወይስ እንዲያው አዝነውልኝ ነው? ይኸው እስከ ዛሬ ስፈታው አልፈታ አለኝ። «አልቆመም» አልኋቸው። «እኔ አስብሻለሁ በጸሎት» አሉኝ። እዚያው አፈር ላይ ወድቄ እግራቸውን መያዝ ነበረብኝ። እኔ ግን ጨዬን ገዝቼ ወደ ቤቴ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ጣሊያን ሳይወጣ ሞቱ፤ የእኛ ደብር ሬሳቸውን አልቀበልም አለ። መንገድ ዳር ተቀበሩ።

ወንድሜስ? ጣሊያን ሲወጣ ጎፈሬውን አጎፍሮ ከዱር እንደመጣ ሰው መጣ! የሚያውቁት ባንዳዎች ሞተዋል፣ ያላወቁት ደግሞ እልል አሉለት። ሹመት አገኘ፣ መሬት አገኘ። አንድ ቀን ጨክኜ «ሐኪሙስ ወንድም ጋሼ?» አልሁት። «የቱ ሐኪም?» አለኝ። ረስቶታል! ከልቡ ነው የረሳው። ከአንድ እናት የወጣ ወንድሜ፣ ልብሱን ያጠብሁለት፣ በደሜ ነግዶብኝ ረስቶታል። ያን ጊዜ ሰው እንዲህም ይከዳል? ብዬ አለቀስሁ። ለማን ነው ያለቀስሽው ዘነበች? ለራስሽ! እሱ አንቺን ሸጠሽ፤ አንቺስ ማንን ነው የሸጥሽው? ያም ሆኖ አፌን አልከፈትሁም። የእሱን ገብስ እበላ ነበርና። ሲሞት ጠመንጃ ተተኮሰለት፣ ቅጽር ውስጥ ተቀበረ። አስለቃሿ እኔ ነበርሁ። «አርበኛው ወንድሜ» እያልሁ ደረቴን መታሁ። በገዛ አፌ።

ደሙ በዕድሜ ቆመ። ቤተ ክርስቲያን ገባሁ፤ ያ ሁሉ የተደረገለት መግባት ይኸው ሆነ። ሰው «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ብሎ ሳመኝ። እኔም ስቄ ተሳምሁ።

ለምን ዛሬ ተናገርሽ ትሉኝ ይሆናል። በእኛ አገር ያመኑት ሰው ሲከዳ «እንደ ዕውሩ ቃጭል» ይባላል። ከየት እንደመጣ ብዙው አያውቅም፤ ተረት ሆኗል። በቀደም የልጄ ልጅ ጓደኛዋ ከድታት እያለቀሰች መጣች። «እማማ፣ እንደ ዕውሩ ቃጭል ሆነችብኝ» አለችኝ። ከእኔ ቤት፣ ከእኔ ዘር፣ በእኔ ጉልበት ላይ ተደፍታ! ፀጉሯን እየዳበስሁ «እሱስ እውነትሽን ነው» አልኋት። ይህ እርጅና ነው? ይህ ኑሮ ነው? እሳቸውን እንደገና ደጋግሜ የማሳድዳቸው እስከ መቼ ነው?

ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር የሚሉኝ ሰው መንገድ ዳር ተኝተዋል፤ ፊታቸው ቆሜ ሳለሁ አልጠየቅኋቸውም። ሕመሜን፣ ወንድሜን፣ ፍርሃቴን አላሳብብም። ለልጅቷም ነገ እነግራታለሁ፤ ብትጠላኝ ትጥላኝ። እናንተን ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። የኔታ ወልደ ጻድቅ ቃጭሉን ለማንም አልሰጡም። የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ዘነበች፣ የተሰማ እህት። ከእንግዲህ ሰው ሲከዳችሁ «እንደ ዕውሩ ቃጭል» አትበሉ። «እንደ ዘነበች» በሉ።